ዊንዶውስን ወደ ሰፊ ኤስኤስዲ ማዛወር፦ ከዝግጅት እስከ መጨረሻዋ ብሎን

256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ፋይሎች የሚቀመጡበት ፈጣን ዲስክ) ያለው ላፕቶፕ በተገዛበት ሰሞን ሰፊ ይመስላል። ዊንዶውስ ግን ይህንኑ ዲስክ 238 ጊጋባይት አድርጎ ነው የሚያሳየው፤ አምራቹ በ1,000 እያባዛ የቆጠረውን ዊንዶውስ በ1,024 እያካፈለ ስለሚያሰላው ነው እንጂ የጎደለ ነገር ስላለ አይደለም። ከዚያ ላይ ስርዓተ ክወናውና ተከታታይ አፕዴቶቹ የየራሳቸውን ድርሻ ሲወስዱ፣ ፎቶና ቪዲዮም ሲጨመርበት፣ የሲ፣ ማለትም ዊንዶውስ ያለበት ዋናው የዲስክ ክፍል፣ ምልክት በቀይ መብራት ይጀምራል። ያኔ ብዙ ሰው የሚያደርገው ፋይል መሰረዝ ነው፤ በየሦስት ወሩ እየሰረዙ ከመኖር ግን ዲስኩን በ1 ቴራባይት ኤስኤስዲ መተካትና ዊንዶውስን ከነፕሮግራሞቹ እንዳለ ወደ አዲሱ ማዛወር ይሻላል።

ዊንዶውስን በአዲሱ ዲስክ ላይ እንደ አዲስ መጫንም አንድ መንገድ ነው። ኮምፒውተሩ በቫይረስ የተጎዳ ከሆነ፣ ወይም ያለ ምክንያት እየተንቀረፈፈና ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ ከሆነ፣ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ግልባጭ ጤናውንም በሽታውንም አንድ ላይ ነውና የሚወስደው። ነገር ግን የብዙ ቢሮዎቻችን ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ሁኔታ ሌላ ነው። የሒሳብ ሥራው ፒችትሪ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙን የጫነው ባለሙያ ሥራ ለቋል፤ ሲዲው የት እንደገባ አይታወቅም፤ የአማርኛ ጽሑፍ በፓወር ግዕዝ ነው የሚጻፈው፤ የፕሪንተሩ ድራይቨር ደግሞ ስንት ተደክሞ የተገኘ ነው። የዊንዶውስ 11 መጫኛ ፋይል ብቻውን ከ5 ጊጋባይት በላይ መሆኑንም፣ ዳታ በብር ለሚገዛ ሰው፣ መርሳት አይገባም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ሁሉንም እንዳለ መገልበጥ ጊዜም ገንዘብም ይቆጥባል። የዊንዶውስ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰረው ከኮምፒውተሩ ማዘርቦርድ ጋር ስለሆነ ዲስክ በመቀየሩ ምክንያት አይጠፋም። ፈቃዳቸውን ከዲስኩ መለያ ቁጥር ጋር የሚያያይዙ አንዳንድ ፕሮግራሞች ግን ስላሉ፣ ፈቃድን ለጊዜው የመልቀቅ አማራጭ ያለው ፕሮግራም ካለዎት ከዝውውሩ በፊት ይልቀቁት።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ዲስኩ ላይ ያለው ሲ ብቻ አለመሆኑ ነው። የጀምር ምልክቱን በቀኝ ክሊክ ተጭነው ዲስክ ማኔጅመንት የሚለውን ሲከፍቱ ዲስኩ በበርካታ ፓርቲሽኖች ተከፋፍሎ ያዩታል። በቅርብ ዓመታት በተሠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ ከፊት 100 ሜጋባይት ገደማ የሆነ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን አለ፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ዊንዶውስን የሚያገኘው በዚህ በኩል ነው። ቀጥሎ ዲስክ ማኔጅመንት የማያሳየው 16 ሜጋባይት የሆነ የማይክሮሶፍት መጠባበቂያ አለ። ከዚያ ሲ ይመጣል። ከሲ በስተኋላ ደግሞ ከጥቂት መቶ ሜጋባይት እስከ 1 ጊጋባይት የሚደርስ የሪከቨሪ ፓርቲሽን ተቀምጧል። ሲን ብቻ ገልብጦ አዲሱን ዲስክ የገጠመ ሰው የሚያየው ጥቁር ስክሪንና «የሚነሳ ዲስክ አልተገኘም» የሚል መልእክት ነው፤ ፋይሉ ሁሉ እዚያው አለ፣ በሩ ግን አልመጣም። የሪከቨሪ ፓርቲሽኑም በኋላ ራሱን የቻለ ጣጣ ስላለው ወደ እሱ እንመለሳለን።

የዲስኩ ግዢ

ላፕቶፑ የሚቀበለውን የዲስክ ዓይነት ሳያረጋግጡ መግዛት ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው። ቆየት ያሉት ላፕቶፖች 2.5 ኢንች የሆነውን የሳታ ዲስክ ይቀበላሉ፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይቆማል። አዳዲሶቹ ኤም ዶት 2 የሚባለውን፣ ማስቲካ የሚመስለውን ቀጭን ዲስክ ይይዛሉ። ይህ ቅርጽ ግን ሁለት ዓይነት ዲስክ ይይዛል፦ ሳታና ከእሱ የሚፈጥነው ኤንቪኤምኢ። ቅርጻቸው ቢመሳሰልም አንዱን ብቻ የሚቀበል ማስገቢያ ላይ ሌላኛው አይሠራም። በመገጣጠሚያው ጥርስ ላይ ሁለት ክፍተት ያለው ብዙውን ጊዜ ሳታ ሲሆን አንድ ክፍተት ብቻ ያለው ብዙውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ ነው። ርዝመቱንም ይመልከቱ፤ 2280 ማለት ወርዱ 22 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 80 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ 2242 እና 2230 የሚባሉት አጠር ያሉ ናቸው። አስተማማኙ ዘዴ ላፕቶፑን ከፍቶ ነባሩን ዲስክ በስልክ ፎቶ አንስቶ ወደ ሱቁ መሄድ ነው። በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ ጨርሶ አይቀየርም፤ ይህን ደግሞ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ማወቅ ይሻላል።

ዋጋው ከሌሎቹ እጅግ የወረደ «2 ቴራባይት» ካጋጠመዎት ይጠርጥሩ። ውስጡ 64 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ለዊንዶውስ ግን 2 ቴራባይት ነኝ ብሎ የሚዋሽ ሐሰተኛ ዲስክ በገበያ ላይ አለ፤ እውነተኛ መጠኑ ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ እየደረበ ይጽፋል፣ ባለቤቱም ፋይሉን ለመክፈት እስኪሞክር ድረስ አያውቅም። ኤች2ቴስትደብሊው የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ጽፎበት መልሶ በማንበብ እውነቱን ያወጣል። ሰዓታት ይወስዳል፤ ቢሆንም ምንጩን በማላውቀው ዲስክ ላይ ይህን ሳላደርግ የማንንም ሰው መረጃ አላስቀምጥም።

አብዛኛው ላፕቶፕ ያለው ማስገቢያ አንድ ስለሆነ፣ አዲሱን ዲስክ በዩኤስቢ ለማገናኘት ለዓይነቱ የሚሆን ኬዝ ወይም ኬብል ያስፈልጋል። ዩኤስቢ 3 የሆነውን ይምረጡ። በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚያስተላልፍ ግንኙነት 200 ጊጋባይትን በ33 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል፤ በዩኤስቢ 2 በሰከንድ 35 ሜጋባይት ቢያልፍ ግን ያው ሥራ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። ከዚህ ሌላ ባዶ ፍላሽና ለላፕቶፑ ብሎኖች የሚሆን ትንሽ ካቻቢቴ ይያዙ።

ከመገልበጥ በፊት

የማይተኩ ፋይሎችን፣ የሒሳብ ዳታን ጨምሮ፣ ከሁለቱም ዲስኮች ውጭ በሆነ ቦታ ላይ ባክአፕ ያድርጉ። ግልባጩ ራሱ ባክአፕ ነው የሚል ሰው አለ፤ ነገር ግን በዚህ ሥራ ላይ የሚደርሰው ትልቁ አደጋ ባዶውን ዲስክ በሙሉው ላይ መገልበጥ ነው፣ ያ ከደረሰ ደግሞ ሁለቱም ባዶ ይሆናሉ።

ቀጥሎ ምስጠራውን ይመልከቱ። ብዙ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቀው ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ ምስጠራ ተቆልፎ ይመጣሉ። በሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ሥር ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን የሚለው በርቶ ከሆነ ያጥፉትና እስኪጨርስ ይጠብቁ፤ እንደ ዲስኩ መጠን ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በፊት ግን 48 አሃዝ ያለውን የሪከቨሪ ቁልፍ ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ ላይ አውጥተው በወረቀት ይጻፉት፤ በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው መቆጣጠሪያ) ውስጥ የሚደረግ ትንሽ ለውጥ እንኳ ቁልፉን እንዲጠየቁ ሊያደርግ ይችላል። ምስጠራው ሳይነሳ ቢገለበጥ መገልበጫው ውስጡን ማንበብ ስለማይችል ባዶውን ቦታ ሳይቀር አንድ በአንድ ይገለብጣል፣ በኋላም ሲን ማስፋት አስቸጋሪ ይሆናል።

ፋስት ስታርትአፕ የተባለውም መጥፋት አለበት። ይህ አሠራር በርቶ ሳለ ኮምፒውተሩ «ተዘጋ» ሲባል በእውነቱ በከፊል አንቀላፍቶ ነው የሚቆየው፤ በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ሲ የውጭ መሣሪያዎች ለመንካት እምቢ ይላሉ። በኮንትሮል ፓነል ውስጥ በፓወር ኦፕሽንስ በኩል ገብተው ምልክቱን ያንሱ፤ ወይም ሺፍትን ተጭነው ይዘው ሻትዳውን ይበሉ፣ ለዚያች ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ሲ ላይ በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ቱልስ ውስጥ ቼክ የሚለውን ተጭኖ የፋይል አደረጃጀቱን ማስመርመርም ከዝግጅቱ ይቆጠራል።

አንድ ነገር ይቀራል። ሲስተም ኢንፎርሜሽን ብለው ፈልገው ሲከፍቱ ባዮስ ሞድ በሚለው መስመር ላይ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ ዘዴ) ካለ ይቀጥሉ። ሌጋሲ ካለ ግን ዲስኩ የተደራጀው ኤምቢአር በተባለው የድሮ ዘዴ ነው፤ ይህ ዘዴ ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታ አይጠቀምም፣ ከኤንቪኤምኢ ዲስክ ላይ መነሳትም ብዙውን ጊዜ አይሆንለትም። ማይክሮሶፍት ከ2017 ጀምሮ በዊንዶውስ 10 ውስጥ ያካተተው ኤምቢአር2ጂፒቲ የተባለ መቀየሪያ ፋይል ሳያጠፋ ያስተካክለዋል፤ ከለውጡ በኋላ ባዮሱን ወደ ዩኢኤፍአይ መቀየር ግን የተጠቃሚው ሥራ ነው።

ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ለማሳደግ ያሰቡ ካሉ (የ10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል) ያን ሥራ ከዚህ ጋር አያደባልቁት፤ መጀመሪያ ያዛውሩ፣ ጥቂት ቀን ይሥሩበት፣ ከዚያ ያሳድጉ። ሁለት ለውጥ በአንድ ቀን ከተደረገ ችግር ሲመጣ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ያዳግታል።

ግልባጩ

ሳምሰንግ ለራሱ ዲስኮች የሚሆን ነጻ ማዛወሪያ አለው፤ ክሩሻል፣ ኪንግስተንና ዌስተርን ዲጂታልም አክሮኒስ የተባለውን ፕሮግራም ለደንበኞቻቸው ያቀርባሉ። የገዙት ዲስክ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ በዊንዶውስ ውስጥ ሆነው ጥቂት ክሊክ ብቻ ነው የሚቀርዎት። እኔ የምሠራበት ግን ታይዋን ውስጥ የተሠራው ክሎንዚላ ነው፤ ነጻ ነው፣ የዲስኩን አምራች አይመርጥም፣ ከፍላሽ ስለሚነሳም ሲገለብጥ ዊንዶውስ ተኝቷል፣ በሥራ ላይ ያለ ፋይል የለም። መልኩ ግን ደረቅ ነው፤ በማውስ ሳይሆን በቀስት ቁልፎችና በኢንተር የሚነዳ ሰማያዊና ግራጫ ስክሪን ነው።

የክሎንዚላን ፋይል አውርደው ሩፈስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም አማካይነት ፍላሹ ላይ ይጻፉት፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። አዲሱን ዲስክ በኬዙ ከቶ ካገናኙ በኋላ ላፕቶፑን ከፍላሹ ያስነሱ፤ የማስነሻ ምርጫውን የሚያመጣው ቁልፍ በዴልና በብዙ ሌኖቮዎች ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ነው። ፍላሹ እምቢ ካለ ሴኪዩር ቡት የሚለውን፣ ያልተፈቀደ ማስነሻን የሚከለክለውን ጥበቃ፣ በባዮስ ውስጥ ለጊዜው ማጥፋት ያስፈልግ ይሆናል። ከዚያ ቋንቋውንና ኪቦርዱን እንዳለ በኢንተር አልፈው፣ ከዲስክ ወደ ዲስክ የሚለውን፣ የጀማሪ ሞድን፣ ቀጥሎም ሙሉ ዲስክን ወደ ሌላ ዲስክ የሚለውን ይመርጣሉ። የግለሰብ ፓርቲሽን የሚለውን አይንኩ።

አሁን ዝግ ማለት ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ምንጩን፣ ቀጥሎ ተቀባዩን ይጠይቃል። ዲስኮቹን ሲ እና ዲ ብሎ ሳይሆን በሊኑክስ ስማቸው ነው የሚጠራቸው፤ በላፕቶፑ ውስጥ ያለው ኤንቪኤምኢ በዚሁ ስም ይጀምራል፣ በዩኤስቢ የተገናኙት ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ እየተባሉ ይሄዳሉ፣ ሁለቱም ዲስኮች ሳታ ከሆኑ ደግሞ ስማቸው በአንድ ፊደል ብቻ ነው የሚለያየው። በስሙ አይታመኑ። ከጎኑ የተጻፈውን መጠንና የሞዴል ስም ያንብቡ፤ ምንጩ ትንሹ፣ ተቀባዩ ትልቁ ነው። አዲስና አሮጌው መጠናቸው እኩል ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ የበለጠ ያስፈራ ነበር። ለራሴ ያወጣሁት ደንብ፣ ከመጀመሬ በፊት የሁለቱን ሞዴል በወረቀት ጽፌ ከስክሪኑ ጋር በጣቴ እያስተያየሁ ማንበብ ነው፤ ያየኝ ሰው ቢስቅም ደንቡን አልተውኩትም።

የፓርቲሽን ሰንጠረዡን በተመለከተ ሲጠየቁ ከምንጩ እንዳለ ይወሰድ የሚለውን ይምረጡ። በመጠን እያመጣጠነ የሚያሰፋም አማራጭ አለ፤ ነገር ግን 100 ሜጋባይቱንም ሪከቨሪውንም አብሮ ስለሚለጥጥ እኔ አልወደውም። ከዚያ ተቀባዩ ላይ ያለው እንደሚጠፋ እየነገረ ደጋግሞ ያረጋግጥዎታል፤ እያንዳንዱን ጥያቄ አንብበው ነው እንጂ ለምደው አይመልሱ። ሥራው ሲጀመር ክሎንዚላ የሚገለብጠው መረጃ ያለበትን ቦታ ብቻ ስለሆነ ከዲስኩ ስፋት ይልቅ የሚወስነው በውስጡ ያለው ነው።

ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ ሶኬት ላይ ይሰካ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አይጀመር። አንድ ጊዜ ያለ ዩፒኤስ ጀምሬ ሁለት ሦስተኛው ላይ መብራት ጠፋ። ምንጩ ሲነበብ እንጂ ሲጻፍበት ስላልነበረ ምንም አልሆነም፣ ተቀባዩ ግን ከባዶ ተጀመረ፤ የሄደው ከሰዓት በኋላዬ ብቻ ነበር።

መግጠም

ግልባጩ ሲያልቅ ኮምፒውተሩን ያጥፉት እንጂ እንደገና አያስነሱት። ሁለቱ ዲስኮች አሁን አንድ ዓይነት መለያ ይዘዋል፤ ሁለቱም ተገናኝተው ዊንዶውስ ቢነሳ አንደኛውን ሊዘጋው፣ ወይም ከአንዱ ተነስቶ በሌላው ላይ ሊጽፍ ይችላል። ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ የጀርባ ክዳኑን ይክፈቱ፣ የባትሪውን ማገናኛ ከማዘርቦርዱ ያላቁ፣ ብረት ነክተው የሰውነትዎን ኤሌክትሪክ ያውጡ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል በወረቀት ላይ እንደ ቦታቸው ይደርድሯቸው፤ ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ከላይ በኩል ኪቦርዱን ሊያጎብጠው ይችላል። ኤም ዶት 2 ዲስክ ብሎኑ ሲፈታ በራሱ ቀና ይላል፤ አዲሱን በ30 ዲግሪ ገደማ አጋድመው ጥርሱን እስከ መጨረሻው ካስገቡ በኋላ ተጭነው ብሎኑን ይመልሱ፣ ሳያጠብቁ።

አሮጌው ሳይገናኝ ኮምፒውተሩን ያብሩ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይነሳል። «የሚነሳ ዲስክ የለም» ካለ ወደ ባዮስ ገብተው በማስነሻ ቅደም ተከተሉ ላይ ዊንዶውስ ቡት ማናጀር መኖሩን ይዩ። ሰማያዊ ስክሪን ወጥቶ ማስነሻውን ዲስክ ማግኘት አልቻልኩም የሚል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የባዮሱ የዲስክ አሠራር፣ ሬይድ ወይም ኤኤችሲአይ የሚለው፣ ከነበረበት መቀየሩ ነው፤ ይመልሱት። ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ያዛወሩ ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ በሴፍ ሞድ (መሠረታዊ ድራይቨሮችን ብቻ ይዞ በሚነሳበት ሁኔታ) ማስነሳት ዊንዶውስ የሚያስፈልገውን ድራይቨር እንዲያነሳ ሊረዳው ይችላል። ካልሆነም አሮጌው ዲስክ አልተነካምና መልሰው ገጥመው በተረጋጋ መንፈስ እንደገና መጀመር ይችላሉ።

ሲን ማስፋት

ዲስክ ማኔጅመንትን አሁን ሲከፍቱ ሲ አሁንም የድሮው መጠኑ ነው፤ ከመጨረሻው ላይ ደግሞ 690 ጊጋባይት ገደማ ያልተመደበ ቦታ ይታያል። 1 ቴራባይቱ በዊንዶውስ አቆጣጠር 931 ነውና። ሲ ላይ በቀኝ ክሊክ ሲያደርጉ ኤክስቴንድ ቮሊዩም የሚለው ደብዝዞ እምቢ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ይደነግጣል። ምክንያቱ በሲና በባዶው ቦታ መካከል ያ የሪከቨሪ ፓርቲሽን መቆሙ ነው፤ ዊንዶውስ ሲን የሚያሰፋው አጠገቡ ወዳለ ባዶ ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ግቢውን ወደ ኋላ ሊያሰፋ ፈልጎ የጎረቤት ግንብ እንደገጠመው ሰው ይሆናል። ግንቡን አፍርሱ፣ ማለትም ሪከቨሪውን ሰርዙ፣ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ዊንዶውስ አልነሳ ባለ ቀን የመጠገኛው ስክሪን የሚመጣው ከዚያ ነው፣ ማንቀሳቀስ ደግሞ ከባድ ሥራ አይደለም።

ጂፓርትድ የተባለውን ነጻ መሣሪያ በፍላሹ ላይ ጽፈው ኮምፒውተሩን ከእሱ ያስነሱ፤ ከዚያ በፊት ሺፍት ተጭነው ሙሉ በሙሉ መዝጋትዎን አይርሱ። ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ጥቅም ላይ እንዳልዋለ ገልጾ ይስተካከል ወይ ብሎ ከጠየቀ እንዲያስተካክል ይፍቀዱ። በመጀመሪያ ሪከቨሪውን መርጠው ሙቭ በሚለው እስከ ዲስኩ ጥግ ይግፉት፣ መጠኑን ሳይቀይሩ። ባዶው ቦታ አሁን ከሲ አጠገብ ይሆናል። ቀጥሎ ሲን መርጠው ቀኝ ጠርዙን ብቻ ወደ ሪከቨሪው ድረስ ይጎትቱ፤ ግራ ጠርዙ ከተነካ የሲ መረጃ በሙሉ ከቦታው ስለሚነሳ ሥራው ረጅምም አደገኛም ይሆናል። የኢኤፍአይ ፓርቲሽኑን ጨርሶ አይንኩ። ዕቅዱ ተግባራዊ የሚሆነው አፕላይ ሲጫኑ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ሐሳብ መቀየር ይቻላል።

ወደ ዊንዶውስ ሲመለሱ ዲስኩን አንድ ጊዜ ሊመረምር ይችላል፤ ይተዉት። በሴቲንግስ ውስጥ ሪከቨሪ፣ ከዚያ አድቫንስድ ስታርትአፕ ብለው የመጠገኛው ስክሪን መምጣቱን ይሞክሩ። ባይመጣ የዕለት ሥራ አይስተጓጎልም፤ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ያንኑ ጥገና ያደርጋል። ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ የሚለውን ከፍተው ሲ ሶሊድ ስቴት ተብሎ መመዝገቡን ይዩ፤ ሃርድ ዲስክ ብሎ ካወቀው ባዶ የሆነውን ቦታ ለዲስኩ የሚያሳውቀው ትሪም የተባለው ሥራ ላይደረግ ይችላል። ያጠፉትን ምስጠራ መልሰው ያብሩ፣ ሴኪዩር ቡትንም እንዲሁ።

አሮጌውን ዲስክ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ሳይነኩት ያስቀምጡ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የወሩን ሒሳብ ይዝጉ፣ ያትሙ፣ የለመዷቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ በአንድ ይክፈቱ። ከዚያ በኋላ በኬዙ ውስጥ ከቶ ፎርማት ማድረግና ለባክአፕ መጠቀም ይቻላል። ሊሸጡት ካሰቡ ግን ፎርማት ብቻ መረጃን ከኤስኤስዲ ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ አያጠፋም፤ አምራቹ ያዘጋጀውን ወይም አንዳንድ ባዮሶች ውስጥ ያለውን የሴኪዩር ኢሬዝ ትእዛዝ ይጠቀሙ፣ ከመጫንዎ በፊትም የሞዴሉን ስም ከወረቀቱ ጋር እንደገና ያስተያዩ።